ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በፊት ዓይን የሚለካባቸው መሣሪያዎች፤ ከይፋት ቆላ ሁኔታ ጋር ሲመዛዘኑ

መግቢያ

የዓይን ሞራ የጋረደው ሰው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ፋሻው ሲፈታና ብርሃን ሲያይ ዘመድ ወዳጅ እልል ይላል። ትናንት በልጅ እጅ ይመራ የነበረ ሰው ዛሬ ብቻውን ይሄዳልና እልልታው ተገቢ ነው። ነገር ግን እልልታው ካለፈ በኋላ ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም በዓይኑ ውስጥ የተተከለው ሌንስ በልኩ ነውን? የሚለው ነው። ጫማ በእግር ልክ እንደሚገዛ ሁሉ ሌንስም በዓይን ልክ መመረጥ አለበት። ጫማ ቢጠብ አውልቀው ይለውጡታል፤ ሌንስ ግን አንድ ጊዜ ከገባ ለመለወጥ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ወደዚህ ጥናት የመራን አንድ አጋጣሚ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጣርማ በርን አልፈን፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደን ነበር። ይህ የይፋት ቆላ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚመረትበት፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት ሞቃት አገር ነው። በዚያ ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ያስወገዱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። የግራ ዓይናቸው ገና እንደ ተጋረደ ነው። «አባባ፣ የታከሙት ዓይን ደኅና ያያል ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ሰው መሆኑን ያያል፤ ማን መሆኑን ግን አይለይም። መዳፌ ላይ ካለው ማሾ ውስጥ ጠጠሩን እለቅማለሁ፤ ደጃፌ ላይ የቆመውን ልጄን ግን በድምፁ ነው የማውቀው» አሉን። ሁለተኛውን ዓይን ለማሳከም ፈርተዋል። «ያም እንዲህ ከሆነ ምን ይረባኛል?» ይላሉ። በላስቲክ ጠቅልለው ያኖሩትን የሕክምና ካርድ አሳዩን። የታከመው ዓይንና ቀኑ፣ እንዲሁም የሌንሱ ቁጥር «+21» ተጽፎበታል፤ ዓይናቸው ተለክቶ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድም ቁጥር ግን አላገኘንበትም።

እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን በሽማግሌው ዓይን ላይ ለመፍረድ አንችልም። ነገር ግን ዓይን በምን እንደሚለካና የትኛው መሣሪያ ለእንዲህ ያለው አገር እንደሚስማማ ለመረዳት ሞከርን። ያገኘነውንም ለአንባቢ ግልጽ ይሆን ዘንድ ከዚህ በታች በተራ እናቀርባለን። የውጭ አገር ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. መለካት ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደው የዓይነ ሥውርነት ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ሥውር መሆኑ ታውቆ ነበር። ከዚህም ግማሽ የሚሆነውን፣ ማለት ከመቶ 49.9 ያህሉን፣ ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። በትራኮማ ምክንያት የሚመጣው የዓይን ጠባሳ ደግሞ ከመቶ 11.5 ይዞ በሁለተኛነት ተቆጥሯል። እነዚህን ሁለት ምክንያቶች አንባቢ እንዲያስታውሳቸው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንደምናየው በመለኪያ መሣሪያዎች ምርጫ ላይ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ።

ሞራ ማለት በተፈጥሮ ጥርት ብሎ ብርሃን ያሳልፍ የነበረው የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። መድኃኒት ወይም መነጽር አያጠራውም፤ ስለዚህ በቀዶ ሕክምና ይወጣና በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ይህን መጀመሪያ ያደረገው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በኅዳር ወር 1949 በሎንዶን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ በዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም ያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተውሎ ነበርና ሌንሱን ከዚያ ዓይነት ቁስ አሠራው። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ነገር ግን የሌንሱ ኃይል እጅግ በመብዛቱ በሽተኛዋ ከ15 ዲዮፕተር በላይ የሆነ የቅርብ ብቻ እይታ ተረፋት። ዲዮፕተር የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው። እንግዲህ የሌንስ ልክ ጥያቄ ከሌንሱ ጋር በአንድ ቀን የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ትክክለኛውን ኃይል ለማግኘት በተለይ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የዓይን ርዝመት፣ ማለት ከፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ከኮርንያ እስከ ኋለኛው የብርሃን ተቀባይ ሽፋን እስከ ሬቲና ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው የኮርንያ ኩርባ ኃይል ነው። ሳንደርስ፣ ሬትዝላፍና ክራፍ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1980 ያወጡት ቀመር በወረቀት ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ ለማስረዳት ይመቻል፤

የሌንስ ኃይል = ሀ − (2.5 × ርዝመት በሚሊሜትር) − (0.9 × የኮርንያ ኃይል)

«ሀ» ለየሌንሱ ዓይነት የተወሰነ ቁጥር ሲሆን 118 አካባቢ ነው። ርዝመቱ 23.5 ሚሊሜትር፣ የኮርንያው ኃይል 43.5 ዲዮፕተር የሆነ መካከለኛ ዓይን እንውሰድ። 118 ላይ 58.75 እና 39.15 ሲቀነስ 20.1 ይቀራል። ርዝመቱ 22 ሚሊሜትር ለሆነ አጭር ዓይን ያው ቀመር ወደ 23.9፣ ርዝመቱ 25 ለሆነ ረጅም ዓይን ደግሞ ወደ 16.4 ይሰጣል። ለሦስቱም ሰዎች ሳይለካ «+21» ቢገባላቸው የመጀመሪያው ደኅና ያያል። የሁለተኛው ሌንስ ያንሰዋል። ሦስተኛው ግን ወደ 4.6 ዲዮፕተር የሚሆን ትርፍ ኃይል ያገኛል፤ ይህም በመነጽር ሲተመን ወደ 3 ዲዮፕተር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከዓይኑ 33 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ያለውን አጥርቶ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዝበታል። የማሾውን ጠጠር እየለቀሙ ልጃቸውን ያልለዩት ሽማግሌ በዚህ ስሌት ጊዜ ትዝ አሉን።

ይህ ቀመር በጣም አጭርና በጣም ረጅም በሆነ ዓይን ላይ ስለሚስት ዛሬ በሌሎች ተተክቷል። ነገር ግን የትኛውም ቀመር የተሳሳተ ልክ ተሰጥቶት ትክክለኛ መልስ አያወጣም። የዴንማርኩ ሐኪም ቶማስ ኦልሰን በ1992 እንዳሳየው፣ በዚያን ጊዜ በድምፅ ይለካ ከነበረው ዓይን የሌንስ ኃይል ስሕተት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው፣ ከመቶ 54፣ የመጣው ከርዝመቱ ልክ ነው።

፪. የኮርንያን ኩርባ የሚለካው መሣሪያ

ኬራቶሜትር ከሁሉ የቆየው ነው። መሠረቱን የጀርመኑ ሊቅ ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጣለ፤ ዣቫልና ሺዮትዝ በ1881 ለሐኪም ቤት የሚመች አደረጉት። አሠራሩ ቀላል ነው። የረጠበ ኮርንያ እንደ ጎበጠ መስተዋት ስለ ሆነ በፊቱ የተያዘ የብርሃን ምስል ይታይበታል። ኩርባው በጠነከረ መጠን ምስሉ ያንሳል፤ ከምስሉ መጠንም የኩርባው ሬዲየስ ይታወቃል። 337.5 ለሬዲየሱ ሲካፈል የኮርንያው ኃይል ይገኛል። ሬዲየሱ 7.5 ሚሊሜትር ቢሆን 45 ዲዮፕተር፣ 7.8 ቢሆን ወደ 43.3 ይሆናል። በ0.3 ሚሊሜትር ወደ 1.7 ዲዮፕተር ልዩነት መጣ ማለት ነው።

መሣሪያው ርካሽ፣ ጠንካራና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው። ድካሙ ግን በምስሉ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ኮርንያው ደረቅ ከሆነ ወይም ሽፋሽፍት እየፈተገ ጠባሳ ካወጣበት ምስሉ ይጣመማል፤ ለኪውም ግምቱን እንደ ልክ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ኬራቶሜትር ሁልጊዜ መቅደም አለበት። ማደንዘዣ ጠብታ ከተጨመረና ሌላ መሣሪያ ኮርንያውን ከነካው በኋላ የሚወሰድ ልክ አይታመንም።

፫. በድምፅ የሚለካው መሣሪያ

በ1956 መንትና ሂዩዝ የተባሉ አሜሪካውያን የዓይንን ውስጥ በድምፅ ለመመርመር እንደሚቻል ገለጹ። ከዚያ ሥራ የመጣው መሣሪያ ኤ-ስካን ይባላል። በጣርማ በር አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶ ሲመልስለት፣ ድምፁ የቆየበትን ጊዜ ቢቆጥር የማዶው ገደል ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ ይችላል። ኤ-ስካንም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ዓይን ይልካል። ድምፁ ከኮርንያ፣ ከሌንሱ ፊትና ጀርባ፣ ከሬቲናም እየነጠረ ሲመለስ በመስታወቱ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ የቆሙ መስመሮች ይታያሉ። ድምፅ በዓይን ፈሳሽ ውስጥ በሰከንድ 1,532 ሜትር፣ በሌንስ ውስጥ 1,641 ሜትር ይሄዳል፤ በአማካይ 1,550 ይያዛል። 23.5 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው ዓይን ውስጥ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት የሰከንድ ሚሊዮንኛ 30 ያህል ነው።

ይህ መሣሪያ በሁለት መንገድ ይሠራበታል። በመጀመሪያው መንገድ የመሣሪያው ጫፍ ራሱ ደንዝዞ ያለውን ኮርንያ ይነካል። ፈጣንና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኮርንያ ለስላሳ ስለ ሆነ የለኪው እጅ ትንሽ ቢከብድ ይጎደጉደዋል፤ ዓይኑም ከልኩ አጥሮ ይለካል። 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ቢጫን ከላይ በተሠራው ስሌት የሌንሱ ኃይል በ1 ዲዮፕተር ይበዛል። ስሕተቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። የተጫነ ዓይን አጭር ይመስላል፤ አጭር ለመሰለውም ዓይን የበረታ ሌንስ ይመረጥለታል፤ በሽተኛውም የቅርቡን እንጂ የሩቁን አያይም።

በሁለተኛው መንገድ በሽተኛው በጀርባው ይተኛና በዐይኑ ላይ ትንሽ ጽዋ የመሰለ ቀለበት ተቀምጦ ንጹሕ የጨው ውኃ ይሞላበታል። የመሣሪያው ጫፍ በውኃው ውስጥ ይሆናል እንጂ ኮርንያውን አይነካም። በዚህ መንገድ የሚገኘው ርዝመት በመንካት ከሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ ወደ እውነቱም የቀረበው ይኸው ነው። የሚጠይቀው ተጨማሪ ነገር አንዲት ቀለበት፣ ጥቂት ውኃና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

፬. በብርሃን የሚለካው መሣሪያ

በ1999 የጀርመኑ ካርል ዛይስ ኩባንያ አይኦኤል ማስተር የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ በድምፅ ፈንታ ዓይን በማያየው ቀይ-ዘለል ብርሃን ይለካል። ብርሃን እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ ጊዜውን መቁጠር አይቻልም፤ ስለዚህ ከሬቲና የተመለሰው ብርሃን መንገዱ ከታወቀ ሌላ ብርሃን ጋር ተገናኝቶ ሞገዳቸው ሲገጣጠም ርቀቱ ይታወቃል። ዓይን አይነካም፤ ማደንዘዣ አይፈልግም፤ የኮርንያውን ኩርባም በዚያው መቀመጫ ይለካል። ድምፅ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ሲጠጋ ብርሃን በሚሊሜትር መቶኛ ደረጃ ይለካል። የለኪው እጅ ክብደትም በውጤቱ ውስጥ አይገባም። በበለጸጉ አገሮች ይህ ዓይነት መሣሪያ ኤ-ስካንን ከብዙ ሐኪም ቤት ያስወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ብርሃን የሚያልፈው በሚያሳልፈው ነገር ውስጥ ብቻ ነው። ሞራው ነጭ ሆኖ ከበሰለ ብርሃኑ ሬቲና ሳይደርስ ይጠፋል፤ መሣሪያውም ልክ አይሰጥም። ከ2014 ጀምሮ የወጡት አዳዲስ ዓይነቶች በረዘመ የብርሃን ሞገድ ስለሚሠሩ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ብዙ ሞራ ይበሳሉ፤ ቢሆንም ሁሉን አይበሱም። ደግሞም በሽተኛው አገጩን አስደግፎ፣ ሳይነቃነቅ፣ አንዲት የብርሃን ነጥብ መመልከት አለበት። ነጥቧን ማየት የማይችል ሰው ወዴት ይመልከት?

፭. መሣሪያዎቹ በይፋት ቆላ ሲመዛዘኑ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው በትክክለኛነት ብቻ ከተፈረደ ብርሃን አንደኛ፣ በውኃ የሚለካው ድምፅ ሁለተኛ፣ በመንካት የሚለካው ሦስተኛ ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያ የሚመዘነው ሊለካው በቀረበለት ዓይን ነው።

የሸዋ ሮቢት ሰው ዓይኑ መደብዘዝ ሲጀምር ወዲያው ሐኪም ቤት አይሄድም። የዓይን ቀዶ ሐኪም ለማግኘት ተራራውን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ 225 ኪሎሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ሊኖርበት ይችላል። የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የመሪ ልጅ ወጪ አለ፤ የአዝመራ ጊዜ አለ። «አንደኛው ዓይን እስኪጠፋ» እያለ ይቆያል፤ ከዚያም «ሁለተኛው እስኪከፋ» ይላል። በመጨረሻ ሲመጣ ሞራው የበሰለ ነው። እንግዲህ ከሁሉ ትክክለኛ የሆነው መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ በታወረው ሰው ፊት ዝም ይላል ማለት ነው። በአውሮፓ ከተማ ጋዜጣ ማንበብ ስለ ቸገረው ብቻ የሚመጣውን በሽተኛ በደንብ የሚለካ መሣሪያ፣ በልጅ እጅ ተመርቶ የሚመጣውን ላይለካው ይችላል።

በዚህ ላይ ትራኮማ ይጨመራል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ጊዜ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የመከላከል ሥራ ተሠርቷል፤ ነገር ግን የዛሬዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያደጉት ከዚያ ሥራ በፊት ነው። ጠባሳ ያለበት ኮርንያ ብርሃንንም ኬራቶሜትርንም ያሳስታል። ድምፅ ግን በሞራም በጠባሳም ውስጥ ያልፋል። ኩርባው ፈጽሞ ሊለካ ካልቻለ የሌላውን ዓይን ልክ መዋስ ይቻላል፤ እንዲህ መደረጉ ግን በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት።

ኤ-ስካን ትንሽ ነው፤ በመኪና ተጭኖ ወደ ወረዳ ከተማ ሊወርድ ይችላል። ዋጋውም ከብርሃኑ መሣሪያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ሁለቱም መሣሪያ በሚገኝበት ትልቅ ሆስፒታል በብርሃን ተጀምሮ ብርሃን እምቢ ባለበት በድምፅ ይለካ። አንድ ብቻ ሊገዛ የሚችል ቦታ ግን ኬራቶሜትርና በውኃ የሚሠራ ኤ-ስካን ይያዝ፤ ከሁሉ በፊትም ለእጁ ጥንቃቄ የሚገባ ሥልጠና ለለኪው ይስጥ። የብርሃን መሣሪያ ሲመጣም «ያረጀ ነው» ተብሎ ኤ-ስካን ወደ ዕቃ ቤት መግባት የለበትም።

በአንድ ቀን ብዙ ሰው በሚታከምበት ዘመቻ ሁሉም መካከለኛ ሌንስ ቢገባላቸው ምን አለበት የሚሉ አሉ። ይህን ሐሳብ በንቀት አናልፈውም። ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለይ የነበረ ሰው ሳይለካ እንኳ ሌንስ ቢገባለት ከጨለማ ይወጣል። ነገር ግን ዛሬ የሥራው መለኪያ ተለውጧል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2021 አባል አገሮች በ2030 ሊደርሱበት ሲያጸድቅ የመረጠው ግብ «ውጤታማ» የሞራ ቀዶ ሕክምናን ማዳረስ ነው። ሰው ታከመ ተብሎ ብቻ አይቆጠርም፤ ታክሞ በደንብ ማየቱ ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ፣ በመንደር ውስጥ ደኅና ያላየ አንድ በሽተኛ ገና ያልታከሙትን ብዙዎች ያስፈራል።

፮. ልክ ከተወሰደ በኋላ

መሣሪያው ቁጥር ስለ ሰጠ ሥራው አላለቀም። ሁለቱም ዓይኖች፣ የሚታከመው አንዱ ብቻ ቢሆንም፣ መለካት አለባቸው። የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች ርዝመታቸው ተቀራራቢ ስለ ሆነ ልዩነቱ ከ0.3 ሚሊሜትር ከበለጠ፣ ወይም ርዝመቱ ከ22 በታች ወይም ከ25 በላይ ከሆነ፣ እንደገና ይለካ። በድምፅ ሲለካም በአንድ ጊዜ ብቻ ሳይወሰን ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ይወሰድ፤ የሬቲናው መስመር ቀጥ ብሎና ረጅም ሆኖ ያልቆመበት ልክ ይጣል።

ደግሞ በሽተኛው ምን ሥራ እንደሚሠራ ይጠየቅ። የሰው ሠራሽ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ርቀት ብቻ ያጠራል። ግመል ለሚጠብቅ፣ ወፍ ከማሽላ ለሚከላከል ሰው ሩቁ ይሻለዋል። እህል ለምትለቅም፣ ስፌት ለምትሰፋ፣ ዳዊት ለሚደግም ወይም ቁርኣን ለሚቀራ ሰው ጥቂት ወደ ቅርብ ያዘነበለ እይታ አይጎዳም። ይህን ሐኪሙ አስቦ ቢመርጠው ጥበብ ነው፤ የከበደ እጅ ሳይታሰብ ቢያመጣው ግን ስሕተት ነው።

መደምደሚያ

ሽማግሌውን ከመሰናበታችን በፊት የተረዳነውን ያህል ነገርናቸው። የታከመው ዓይናቸው በመነጽር ሊታረም ይችል እንደ ሆነ እንዲመረመሩ መከርናቸው። «መነጽር የተማረ ሰው ነው የሚያደርገው» ብለው ሳቁ። ሁለተኛውን ዓይን ሲያሳክሙ ደግሞ የመጀመሪያው ዓይን የሳተው መጠን ራሱ ለሐኪሙ ምክር እንደሚሆነው፣ ስለዚህ ያን ካርድ ይዘው መሄድ እንዳለባቸው ገለጽንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያውስ ለዚህኛው ይለኩልኛል?» ብለው ጠየቁን።

ይህ ጽሑፍ ሊያስተላልፈው የፈለገው ነገር በዚያ ጥያቄ ውስጥ አለ። ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ በስም አዲስ የሆነው ሳይሆን በፊቱ የተቀመጠውን ዓይን ሊለካ የሚችለው ነው፤ ያም ዓይን በይፋት ብዙ ጊዜ ሞራው የበሰለ፣ ኮርንያውም ጠባሳ ያለበት ነው። ዓይን የሚለካ ሰው ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይጽፋል። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ቁጥሮች አንድ አባት የልጁን ፊት ያያል ወይም በድምፁ ብቻ ያውቀዋል። ስለዚህ ቁጥሮቹ በጥንቃቄ ይወሰዱ፤ ከተወሰዱም በኋላ በበሽተኛው ካርድ ላይ ይጻፉ።